በሽቦ የመጣ ይቅርታ

በቀደም ለት ምሳ ላይ ስልኩ ጮኸና የልጅ ልጄ ከማዕድ ተነሥታ አነሣችው። ገመዱን እየጎተተች ወደ ጓዳ ይዛው ገባች፤ በሩንም ገርበብ አደረገችው። ሳቋ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይሰማኝም። ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ተመልሳ «ይቅርታ እማማ፣ የግል ጉዳይ ነበር» አለችኝ። የተቆጣሁ መስሏት ነው። እኔ ግን አልተቆጣሁም፤ የግል የሚባል ስልክ በዕድሜዬ መጨረሻ ማየቴ ነው የገረመኝ። በወጣትነቴ እኛ ተራዎቹ ሰዎች የምናውቀው ስልክ አራዳ ውስጥ በአንድ ቤት ያለ ስልክ ነበር፤ ሰው ነጠላውን አደግድጎ፣ ጎረቤቱን ከኋላው አቁሞ፣ ሁሉም እየሰማ ነበር የሚነጋገርበት። ትዳሬ ሞቶ የተነሣው በዚያ ስልክ ነው። ለልጅቱ አጫውቻት አላውቅም፤ እስቲ ዛሬ ለሁላችሁም ላጫውታችሁ።

ያን ቤት አሁን ብትፈልጉት አታገኙትም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ የጫማ መደብሮች ተደርድረው መስታወታቸው በሚያብረቀርቅበት ግድም ነበር። ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወርደው ሰፊ አስፋልት ያኔ የለም፤ መንገዱ በክረምት በቅሎ የሚያንሸራትት ጭቃ፣ በበጋ ዓይን የሚሞላ አቧራ ነው። አራዳ ማለት ለእኛ ገበያው ነበር። ማሩ፣ በርበሬው፣ አሞሌ ጨው፣ ከየአገሩ የመጣው ሸማ እዚያው ሜዳው ላይ ይዘረገፋል። በዙሪያው የአርመኑ ጫማ ሰፊ፣ የህንዱ ጨርቅ መደብር፣ የግሪኩ ዳቦ ቤት። ትኩስ ዳቦው ከበቅሎ ፋንድያና ከሰም ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይሸት ነበር፤ ዛሬም ሦስቱ ሽታዎች አንድ ላይ ቢያገኙኝ እግሬ ራሱ ወደዚያ የሚወስደኝ ይመስለኛል። በአንዲት መሐለቅ የነጠላ ጥለት የሚያወጣ ክር ይገዛል፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ክሩን እንኳ አያስነኩም። ጎረምሳው በጠባብ ሱሪው ላይ ኮት ደርቦ ባርኔጣ ይደፋል፤ ጫማ የሌለው እንኳ ባርኔጣ አይጠፋውም ነበር።

ያ ዘመን አዲስ ነገር የበዛበት ዘመን ነው። ከባሕር ማዶ በሣጥን ታሽጎ ይመጣና አራዳ ላይ ይከፈታል። የግሪኩ መጠጥ ቤት በር ላይ ቀንዱ እንደ አበባ የተከፈተ የሸክላ ማጫወቻ ነበር። ሰው ከብቦ ይሰማና ዘፈኑ ሲያልቅ እንደ አዝማሪ ሊሸልመው ቤሳውን በቀንዱ ውስጥ ይጥልለታል። ግሪኩ ማታ ማታ ቀንዱን ገልብጦ ያራግፈው ነበር አሉ። ፈረንጆች ይህን እንደ የዋህነት ቆጥረው ይስቁብናል። እኔ ግን ዛሬም የዋህነት አይመስለኝም። ዘፍኖ ያስደሰተ ይሸለማል፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከእንጨት ይሁን ከሥጋ የተሠራ፣ ሥርዓቱን የሚያፈርስ ምክንያት አልታየንም።

ስልኩም እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ቀሳውስቱ ሰይጣን ነው ብለው ሸሹት። እየዋለ እያደረ ግን ሰዉ ለመደው፤ እሱም እኛን ለመደን ማለት ይሻላል። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ በየነ የሚባል፣ ከፈረንጅ ትምህርት ቤት የወጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ስልከኛው በየነ ብለን ነው የምንጠራው። መዘውሩን ያሽከረክራል፣ ይጮኻል፣ መስመሩ ሲገኝ እጀታውን ለባለጉዳዩ ይሰጣል። ባለጉዳዩ ደግሞ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ ይቀበለዋል። ከመኳንንት ወገን የሆነ ሰው በወዲያኛው ጫፍ ካለ ነጠላውን አደግድጎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የሚቆመው። «አያዩዎትም እኮ» ይላል በየነ። «እሳቸው ባያዩኝ እኔ ራሴን አየዋለሁ» ይለዋል ሰውዬው። ሰላምታው ደግሞ ማለቂያ የለውም። እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ። ጉዳዩ ሳይነሣ መስመሩ ይቋረጣል፤ ሰውዬው ግን ሰላም ብሏልና ደስ ብሎት ይሄዳል። በየነ አንዳንዴ ጭንቅላቱን ይዞ ይቀመጥ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበር፤ የእኔን ታሪክ የሠራው እሱ ነው። ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ በጠዋት፣ በሰው ፊት፣ በሽማግሌ አንደበት እንጂ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ አይመጣም። ስለዚህ ከሩቅ አገር ሰው ሲሞት የዚያ አገር ስልከኛ የሚያስተላልፈው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «በእገሌ ጉዳይ ነገ በጠዋት ሽማግሌና የንስሐ አባት ይሰብሰቡ» ይላል። የእኛው ስልከኛ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፣ ነውር ነው። ቃሉን ይዞ ወደ ሟች ቤት ሳይሆን ወደ ንስሐ አባቱና ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሽማግሌ ሥራ ነው። ይህን ሥርዓት ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አላወጀውም፤ ሰዉ ራሱ አበጀው።

አባቴ አቶ ወልደ ሰንበት ካባ ጠላፊ ነበሩ። በወርቅ ክር የጠለፉት ካባ በጥምቀት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሰው ባለካባውን ትቶ ካባውን ነበር የሚያየው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ተክሌ ደግሞ የእሳቸው ደቀ መዝሙር ሆኖ ከእኛው ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ አብሮኝ በመርፌ ሲጠልፍ አድጎ ባሌ ሆነ። አብረን ስላደግን አንተ ነበር የምለው፤ አክስቶቼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ጥሉ የመጣው የጊዮርጊስ ማኅበር ተራችን ደርሶ ቤቱ በእንግዳ በሞላበት ቀን ነው። ተክሌ ህንዱ ቤት የስፌት መኪና አይቶ ልቡ ተሰቅሏል፤ እንግዛ ይላል፣ አባቴ አይሆንም ይላሉ። ያን ዕለት ጠላው ገፋፍቶት በእንግዶቹ ፊት «አባባ፣ የእርስዎ መርፌ እኮ ዘመኗ አልፏል» አላቸው። አባቴ አልጮኹም። ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዞሩና «ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ፣ ከእንግዲህ ይህን ልጅ በዓይኔ አላየውም» ብለው ማሉ። ማኅበርተኛው ሁሉ ሰማ።

በዚያ ዘመን መሐላ እንዲህ በቀላሉ የሚታጠፍ ነገር አይደለም። ተክሌ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ የባቡር ሥራ ገባ። ከዚያም ሆኖ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ አባቴ «ምሬው ቢመጣስ በየትኛው ዓይኔ ላየው ነው? ምያለሁ» ብለው መለሱ። ክፉ ሰው ስለነበሩ አይደለም፤ መሐላውን ማፍረስ ጊዮርጊስን ማዋረድ ስለመሰላቸው ነው። ማታ ማታ የተክሌን መርፌ አውጥተው ዝገቱን በጨርቅ ሲጠርጉ አያቸው ነበር። ጊዜው እየነጎደ ሄደ፤ አባቴን ብቻቸውን ትቼ ስላልተከተልኩት ትዳሬም እንደ ፈረሰ ተቆጠረ። ከዚያ አንድ የሲዳሞ ቡና ነጋዴ ሽማግሌ ላከብኝ። ሀብታም ነው፣ ጎልማሳ ነው፣ ባለጌ አይደለም፤ እምቢ የሚባልበት ነገር አልነበረውም። አባቴ «ከፋሲካ በኋላ መልስ እሰጣለሁ» አሉ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ውስጤ የተቆረጠውን ያህል ግን ዛሬም ቢሆን በቃል ልገልጸው አልችልም። ተክሌን እወደው ነበር፤ ይህን ማለት ያኔ ለሴት ልጅ ስለማይፈቀድ ነው ዛሬ በደስታ የምጽፈው።

ወሬው በባቡር ሠራተኞች አፍ ድሬዳዋ ደረሰ። ተክሌ ፈረንጁን አለቃውን ፈቃድ ቢጠይቅ ከለከለው። ቢመጣስ ምን ያደርጋል? አባቴ ቤቱን ጥለው ይወጣሉ እንጂ አያዩትም። አንድ ቀን ግን ከሐዲድ ጥገናው ላይ ቆሞ ከባቡሩ ጎን ለጎን የሚሄደውን የስልክ ሽቦ ሲያይ አንድ ነገር መጣለት። ሄዶ ለድሬዳዋው ስልከኛ ጉዳዩን ነገረው። «አማቴን ይቅርታ ልጠይቅ ነው፤ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችን በጠዋት ስልክ ቤት ይሰብሰቡልኝ» አለው። ሽምግልና ያለ ሽማግሌ አይሆንማ። ስልከኛውም የመንግሥት ጉዳይ መሐል ላይ መስመር አግኝቶ እያጣደፈ ለበየነ ያስተላለፈው ቃል ይኸው ሆነ፤ «በተክሌ ጉዳይ ነገ በጠዋት ሽማግሌና የንስሐ አባት ይሰብሰቡ።»

በየነ በኋላ እንዳጫወተኝ፣ ቃሉን ሲሰማ መዘውሩን ለቆ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ተክሌ ሱሪውን የጠገነለት ወዳጁ ነበር። እንደ ሥርዓቱ ምንም ሳይጠይቅ ዘጋና ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ኪሮስ ሄደ። አባ ኪሮስ ደግሞ ጎረቤታችንን ሐጂ ሰይድን ጠሩ። ሐጂ የወሎ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከአባቴ ጋር ግድግዳ ተካፍለው የኖሩ ናቸው። ሦስቱ ተመካክረው በጠዋት መርዶውን ቤታችን አምጥተው ሊያረዱን፣ ከዚያም ስልክ ቤት ሄደው የአሟሟቱንና የቀብሩን ነገር ሊጠይቁ ተስማሙ። እኔ በዚያ ምሽት ምንም ሳላውቅ የነጠላ ጥለት ስቋጥር አመሸሁ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ከፈቱና አባ ኪሮስን ከነመስቀላቸው፣ ሐጂ ሰይድን ጥምጥማቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከኋላቸው የሰፈሩን ሴቶች ቆመው አዩ። እንዲህ ሆኖ በጠዋት የመጣን ሰው ምን አመጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ማን ነው?» ብቻ አሉ አባቴ። አባ ኪሮስ «ልጅህ ነው ወልደ ሰንበት፤ ተክሌ ነው» አሏቸው። አማችህ አላሉም፣ ልጅህ አሉ።

እኔ ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። እንደጮህኩ፣ የሐጂ ሚስት እትዬ ዘሃራ ከኋላ እንዳቀፉኝ፣ መሬቱ ቀዝቃዛ እንደነበረ ትዝ ይለኛል። በደንብ የማስታውሰው አባቴን ነው። መደቡ ላይ ተቀምጠው ሁለቱን እጃቸውን እያዩ «እኔ ነኝ የገደልኩት። በመሐላዬ ነው የገደልኩት። ሬሳውን እንኳ እንዳላይ አድርጌ ማልኩ» ይላሉ። ሐጂ ሰይድ «ወልደ ሰንበት ወንድሜ፣ ሞት የአላህ ነው፣ ያንተ አይደለም» ቢሏቸውም አይሰሙም። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ስትሞት እንኳ ዞረው ነበር ያለቀሱት።

በዚያው በለቅሷችን ወደ ስልክ ቤት ወረድን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ጸጉሬ ተበትኖ፣ የገበያው ሰው መንገድ እየለቀቀ፣ ባርኔጣ እያወለቀ። አንዳንዱ የማያውቀንም እያለቀሰ ይከተላል፤ አራዳ ያኔ እንዲህ ነበረች። በየነ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ገብተን ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን፤ ከውጪም መስኮቱ በሰው ጨለመ። መዘውሩን አሽከረከረ። ከቆይታ በኋላ «ድሬዳዋ ነው» አለና እጀታውን ለሐጂ ሰይድ ሰጠ፤ ለንግድ ጉዳይ ለምደውት ስለነበር ማለት ነው።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አሰላሙ አለይኩም። ወዳጄ፣ ቀብሩ የት ሆነ?» አሉ። ዝም ብለው አዳመጡ። «የተክሌ ነዋ» አሉ። እንደገና አዳመጡ። ከዚያ ፊታቸው ምን እንደሚሉት የማላውቀው ፊት ሆነ። እጀታውን ከጆሯቸው አንሥተው ወደ እኛ ዞሩ። «ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል ይለኛል» አሉ።

«ማን?» አሉ አባ ኪሮስ።

«ተክሌ። ከጎኔ ነው ያለው ይላል ስልከኛው። ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አማቴን ጥሩልኝ እያለ ነው።»

ከዚያ እትዬ ዘሃራ እልል አሉ። እያለቀሰች የወረደችው ሴት ሁሉ አዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ ሳታስተካክል እልልታውን ተቀበለች፤ መስኮቱ ጋ የቆመው ሰው የሆነውን ሳያውቅ አብሮ እልል ይላል። በየነ «መስመሩ አይሰማም፣ ዝም በሉ፣ እባካችሁ» እያለ ይለምናል፣ እንባው ግን እየወረደ ነው። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የሚገርመው፣ ያኔ የተሰማኝ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበረበት። እንደዚያ አስለቅሶኝ ቆሟል ብዬ።

ሐጂ እጀታውን ወደ አባቴ ዘረጉ። አባቴ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ምያለሁ» አሉ። አባ ኪሮስ ያን ጊዜ ነው የሽምግልናቸውን ሥራ የሠሩት። «ወልደ ሰንበት፣ የማልከው በዓይንህ እንዳታየው ነው። መሐላህን እኔም ማኅበርተኛውም ሰምተናል። በጆሮህ እንዳትሰማው አልማልክም። ከዚህ ድሬዳዋ አይታይም። ተቀበል» አሏቸው። የሸሹትን ስልክ በመስቀላቸው ባረኩና በገዛ እጃቸው ከአባቴ ጆሮ ላይ አደረጉት።

አባቴ መጀመሪያ የጠየቁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ድንጋዩን መሸከሙን በምን ላውቅ?» አሉ። ትክክል ናቸው። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ሲወድቅ የሚታይ ነገር ነው፤ ይህኛው በሽቦ ነው። የድሬዳዋው ስልከኛ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ሳይቀር ይሰማ ነበር፤ እየጮኹ ነበር የሚነጋገሩት። «አባቴ፣ እኔ በዓይኔ እያየሁት ነው። የሐዲድ ድንጋይ ነው፣ ከጣቢያው ጀምሮ ነው ተሸክሞት የመጣው። አውርድ ብለው እምቢ አለኝ። ምስክር ነኝ» አለ።

ከዚያ የተክሌ ድምፅ መጣ። የቀጠነ፣ የራቀ፣ ግን የሱ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሰው ፊት አዋረድኩዎ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ጊዮርጊስ ይማሩኝ።»

አባቴ አልመለሱም። የተበደለ ሰው በመጀመሪያው ልመና እሺ አይልም፣ ልማዱ አይደለም፤ ለአጥፊው ሽማግሌ ይለምንለታል። ሐጂ ሊለምኑ አፋቸውን ሲከፍቱ ከስልኩ ውስጥ የማናውቀው ወፍራም ድምፅ ወጣ። «አቶ ወልደ ሰንበት፣ እኔ የሞጆ ስልከኛ ነኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ይማሩት» አለ። ሌላ ድምፅ ተከተለ። «የአዋሽ ስልከኛ ነኝ አባባ። ልጅ አጥፍቷል፣ ይማሩት፤ ድንጋዩን ያውርድ።» መስመሩ አንድ ሽቦ ስለነበር ለካ በየጣቢያው ያሉት ስልከኞች ሁሉ እያዳመጡ ኖሯል። ሌላ ቀን ቢሆን በየነ «ከመስመር ውጡ» ብሎ ይጮኽባቸው ነበር፤ መስማት ክልክል ነው። ያን ቀን ግን አልጮኸም። ሽምግልና የሚያዳምጥ ሰው ሌባ አይደለም፣ እማኝ ነው።

አባቴ ጆሯቸውን ከእጀታው ጋር አጣብቀው ቆዩ። «ይቅር ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ድንጋዩን ያውርድ። ለነጋዴው የምሰጠውንም መልስ አግኝቻለሁ።» አባ ኪሮስ ወደ ስልኩ ተጠግተው መረቁ። «በሰላም ያገናኛችሁ» ሲሉ ክፍሉ አሜን አለ፣ መስኮቱ አሜን አለ፣ ከዚያ ከሽቦው ውስጥ ከሞጆ አሜን፣ ከአዋሽ አሜን፣ ከድሬዳዋ አሜን መጣ። ብዙ ቅዳሴ አስቀድሻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አሜን ግን ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

«እሷም ትናገር እንጂ» አለ የሞጆው። አባቴ እጀታውን ሰጡኝ። ሚስት በሰው መሐል ባሏን እንዲህ ማናገሯ ያልተለመደ ነው፤ ግን ማንም አልከለከለኝም። ልናገር የፈለግኩት ብዙ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። «ሞተሃል ብለው አስለቀሱኝ» አልኩት።

«አልሞትኩም» አለኝ።

«እንግዲያው ና።»

የአራዳ ሰው በነገሩ ብዙ ቀልዷል። ሳምንት ሳይሞላው አዝማሪው ስሜን ሳይጠራ እንዲህ እያለ ይዘፍንብኝ ነበር፤

ድምፁን ልኮልኛል በሽቦ ጠምጥሞ፣
ሰውየው የት ቀረ ድምፁ መጣ ቀድሞ።

ከቀልዱ ጋር ግን ሌላ ነገር ተጀመረ። የተጣላ ሁሉ ስልክ ቤት መምጣት ጀመረ። ልጁን የረገመ የሐረር ሰው፣ ወንድሙን የካደ ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ ናዝሬት ድረስ የተኮራረፉ ባልና ሚስት። አባ ኪሮስ ሰይጣን ያሉት ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርጎላቸው ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ። በየነም ባለጉዳዩ ሁሉ ከቤቱ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ አይቶ አዘነና አንድ ደኅና ድንጋይ መርጦ ከስልኩ ሥር አኖረ። አንድ ቀን ስልኩን ሊያስተካክል የመጣ ፈረንጅ መሐንዲስ ድንጋዩን አይቶ ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። በየነ ቢያስረዳው ቢያስረዳው አልገባውም፤ የመሣሪያው አካል ነው ብሎ በመጨረሻ ተገላገለ። ውሸት አልነበረም። ሽቦውን እነሱ አመጡት፣ ድንጋዩን እኛ ጨመርንበት፤ ሁለቱ ሳይኖሩ ያ ስልክ አይሠራም ነበር።

ስለዚህ በልጅ ልጄ ስልክ አልተቆጣሁም። እኩዮቼ ዛሬ ያለው ወጣት በሽቦ ተጠልፎ ጠፋ ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። እሷና ጓደኞቿ በዚያ ጓዳ ውስጥ የራሳቸውን ሥርዓት እያበጁ ነው፤ ምን ይባላል፣ ምን አይባልም፣ ማን ይደውላል፣ መቼ ነው ነውር የሚሆነው። ስትጣላ ሳትዘጋው ዝም ብላ እጀታውን ይዛ ስትቆይ አይቻለሁ፤ ያም ሰው በወዲያኛው ጫፍ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያ ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ያውቁታል። ማንኛውም መሣሪያ አራዳ ሲገባ እንደመጣ አይቀርም።

ተክሌን ልንቀበል ባቡር ጣቢያ የወረድነው ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ነው። አባ ኪሮስ ለአባቴ መሐላ ቀኖና ሰጥተዋቸው ነበር፤ ጾሙና ስግደቱ እስኪፈጸም ድረስ ዓይናቸው ሊያየው አልተፈቀደም። እቤት ይቆዩ ብንል እምቢ አሉ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጠምጥመው፣ ሐጂ ሰይድ እጃቸውን ይዘው፣ ጭሱ ውስጥ ቆሙ። ባቡሩ ሲቆም ተክሌ ከሩቅ አየን። እኔን አልፎኝ ሄደ፤ እንደዚያ ማድረጉን ወደድኩለት። ከአባቴ እግር ላይ ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ። አባቴ ጎንበስ ብለው በዳበሳ አነሡትና ትከሻውን ሲጨብጡት ልጁ ሳያስበው ሸሸት አለ። እጃቸው ቆመ። ቀስ ብለው በጣታቸው በሸሚዙ ላይ ዳሰሱት፤ ቆዳው ተልጦ እየሻረ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉት።

«ድንጋዩ ነው አባባ።»

አባቴ ጣታቸውን ከዚያ ቦታ አላነሡም። ከዚያ ወደ አባ ኪሮስ ድምፅ ዞረው «አባ፣ ቀኖናውን ያክብዱብኝ» አሉና ነጠላውን ከዓይናቸው ላይ ገለጡ።